አማቴ ያለ ስንዴ የሠሩት ሙሌት

አማቴ ኤልቨርታ ክራል ያን ጊዜ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነበር። ሴት ልጃቸው ዳርሊን ደግሞ እናቷ የሠሩትን ከበላች አራት ዓመት ሆኗት ነበር። ተጣልተው አይደለም። ዳርሊን ስንዴ ያማታል፤ አማቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ስንዴ ሲያቦኩ የኖሩ ሴት ናቸው። ነገሩ ይኸው ነው።

እኔ ፈርን፣ ልጃቸውን ላማርን ካገባሁ ጀምሮ የኖርኩት እሳቸው ቤት ነው። መጀመሪያ የገባነው አንድ ክረምት ለማሳለፍ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ሆነን። ስለዚህ እሳቸውን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው አለ ብዬ አላስብም፤ የገዛ ልጃቸውም ቢሆን።

ተወልደው ያደጉት እዚሁ ፔንሲልቬንያ ውስጥ፣ ከሼፈርስታውን ትንሽ ወጣ ብሎ ባለ እርሻ ነው። ስምንተኛ ክፍልን ሲጨርሱ አባታቸው ይበቃል አሏቸውና ፕረትዘል የሚባለው የተጠማዘዘ ደረቅ ዳቦ መጋገሪያ ገቡ። እኔም ከአሥረኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ በዚህ በኩል አንናናቅም። ያን ጊዜ ፕረትዘል የሚጠመዘዘው በእጅ ነበር። ሊጡን እንደ ገመድ አድቦልቡለው፣ ጫፍና ጫፉን ይዘው አንዴ አዙረው ወደ ሆዱ ይለጥፉታል። ጎበዝ የሚባለው ሰው በደቂቃ ሠላሳ ይጠመዝዝ ነበር፤ እሳቸው ሠላሳ አምስት ያደርሱ እንደነበር ራሳቸው ነግረውኛል፣ ከአንድ ጊዜ በላይ። ሠላሳ አንድ ዓመት ጠመዘዙ። ማሽን መጥቶ ሴቶቹን ወደ ማሸጊያው ክፍል ሲያዛውሯቸው «እኔ ካርቶን አላጥፍም» ብለው ወጡ። ላማር ስለ ልጅነቱ ሲያወራ፣ እናቱ ከሥራ ስትገባ ከቅንድቧ እስከ ጫማዋ ዱቄት እንደነበረች ይናገራል። አሁንም ቁጭ ብለው ቴሌቪዥን ሲያዩ ጣቶቻቸው የመሐረባቸውን ጫፍ ይጠመዝዛሉ።

ባላቸው ከሞቱ በኋላ ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቁት አንድ ቀን ነበር፤ በኅዳር የሚውለው የምስጋና ቀን። እኛ ዘንድ በዚያ ቀን ሰው የሚሰበሰበው ለተርኪ ዶሮው ይመስላል እንጂ ለሙሌቱ ነው። ደረቅ ዳቦ፣ በቅቤ ከተጠበሰ ቀይ ሽንኩርትና ሴለሪ ጋር፣ በእንቁላልና በመረቅ ይታሻል። ግማሹ የተርኪው ሆድ ውስጥ ይሞላል፣ ግማሹ በሣህን ሆኖ ኦቨን ይገባል። የሁሉም ቤት ሙሌት ለየቅሉ ነው፤ ሴቶች የሚታሙት በሱ ነው። የአማቴ ቢጫ ነበር። ጓሮ ውስጥ ሁለት መደብ ሳፍሮን አላቸው፤ ምግብን ቢጫ የሚያደርግ ቅመም ነው። በጥቅምት ሐምራዊው አበባ ሲፈነዳ ጎንበስ ብለው ከእያንዳንዱ አበባ ሦስት ሦስት ቀይ ክር ይለቅማሉ። የዓመቱ ሁሉ ተሰብስቦ የመድኃኒት ብልቃጥ አይሞላም።

ዳቦውን ማጠራቀም የሚጀመረው ከመስከረም ነው። ጫፍ ጫፉ፣ ያደረው፣ ከቁርስ የተረፈው ሁሉ በትንንሹ ይቆረጥና የትራስ ልብስ ውስጥ ይገባል። የትራስ ልብሱ ወደ ቆጡ በሚያወጣው ደረጃ፣ ምስማር ላይ ይንጠለጠላል። ያ ደረጃ የጭስ ማውጫው ጎን ስለሆነ ይሞቃል። በዚያ ያለፈ ሁሉ ዳቦው እንዳይሻግት አንዴ ነቅነቅ ያደርገዋል። እኔ በመጣሁበት ዓመት «ትራሱን ነቅንቂው» ሲሉኝ መኝታ ቤት ገብቼ አልጋው ላይ ያለውን ትራስ ነቅንቄ ወጣሁ። ይህንን እስከ ዛሬ ለእንግዳ ይናገራሉ።

የዳርሊን በሽታ የታወቀው በአርባ ሦስት ዓመቷ ነው። ከዚያ በፊት ለዓመታት ሆዷ ይነፋል፣ ትከሳለች፣ ደም አነሰሽ ትባላለች። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ናት፤ አንዳንድ ጠዋት መንገድ ዳር አቁማ እስኪያልፍላት መሪው ላይ ትደፋ ነበር። በመጨረሻ አንድ ሐኪም ሴሊያክ የሚባል በሽታ እንደሆነ ነገራት። ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚሉት ነገር አንጀቷን ያቆስለዋል። መድኃኒቱ አለመብላት ነው፤ ፍርፋሪም ቢሆን።

አማቴ ይህንን ሲሰሙ እንደ ስድብ ነው የቆጠሩት። ለዳርሊን ምንም አላሏትም፤ የሚናገሩት ለእኔ ነበር። በስንዴ ያሳደግኋት ልጅ ናት፣ ጡት ስትተው የበላችው የእኔን ዳቦ ነው፣ አሁን እኔ ነኝ ያሳመምኳት ማለት ነው ይሉኛል ሣህን እያጠብኩ። አይደለም ብላቸው አይሰሙም፤ ነው ብላቸውም አይሰሙም። ስለዚህ ሣህኑን አጥባለሁ።

በዚያው ዓመት የምስጋና ቀን ለዳርሊን ብቻ በትንሽ ሣህን የተለየ ሙሌት ሠሩላት፣ ከሱቅ በተገዛ ስንዴ በሌለው ዳቦ። ልፋታቸውን አልክድም። ግን ሣህኑ ከኦቨን ሲወጣ ደረቅ ብሎ ታያቸው። እኛ ዘንድ ሙሌት ሲደርቅ የሚደረገው አንድ ነገር ነው፤ ከተርኪው ሥር የተጠራቀመው መረቅ በጭልፋ ይፈስበታል። አፈሰሱበት። ተርኪው ደግሞ ሆዱ በስንዴ ዳቦ ተሞልቶ አራት ሰዓት ሙሉ መረቁን እዚያው ሲያንጠባጥብ የቆየ ነው። ማናችንም አላሰብነውም። ዳርሊን ደስ ብሏት በላች። ማታውኑ ጀመራት፤ ሦስት ቀን ከአልጋ አልወረደችም።

በሚቀጥለው ዓመት የራሷን ምሳ በሣጥን ይዛ መጣች። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሣጥን ነው፣ ሹካዋም ከውስጡ ነው የወጣው። ከእኛ ጋር ተቀምጣ ከሣጥኗ በላች። አማቴ ምሳው እስኪያልቅ ያንን ሣጥን ሰው ጫማውን አውልቆ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠ ይመስል ሲያዩት ነበር። ከዚያ ቀጥሎ ባለው ዓመትም እንዲሁ። በሦስተኛው ዓመት ዳርሊን ደውላ እንደማትመጣ ተናገረች። ሥራ አለብኝ አለች። በምስጋና ቀን የትምህርት ቤት አውቶቡስ እንደማይንቀሳቀስ ሁላችንም እናውቃለን። አማቴ እሺ ብለው ስልኩን ዘጉና የሷን ወንበር ራሳቸው አንስተው ወደ ቆጥ አወጡት።

እንግዲህ የምናገረው ስለ አራተኛው ዓመት ነው።

በመስከረም አንድ ቀን ራት ላይ «ዘንድሮ ስንዴ የለም» አሉ።

«የት ሄደ?» አለ ላማር።

«ከዚህ ቤት ይወጣል። የምሠራው አንድ ሙሌት ነው። ዳርሊን የምትበላውን ሁላችሁም ትበላላችሁ።»

«እኛስ ምን አጠፋን?»

«አንተ የሰጡህን ትበላለህ። ሃምሳ አምስት ዓመት ስታደርግ የኖርከው እሱን ነው።»

ላማር ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ ሣህኔ አየሁ።

በማግስቱ ለዳርሊን ደወሉላት። ጆሯቸው ስለደከመ ስልኩን ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አድርገው ነው የሚያወሩት፤ ስለዚህ ባልፈልግም ሰማሁ። ያሰቡትን ነገሯት። «እማዬ፣ አንቺን ማስከፋት አልፈልግም» አለች ዳርሊን። «ግን እንደዚያ መታመም ዳግመኛ አልችልም። አንድ ጊዜ እሞክራለሁ። ከዚህ በኋላ አንድ ነገር ከሆንኩ የምመጣው ምሳ ካለቀ በኋላ ነው፤ አንቺም አትለምኚኝ።»

አማቴ «አልለምንሽም» አሏት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ወጥ ቤቱ ወጥ ቤት መሆኑ ቀረ። እኔ ትምህርት ቤት ምግብ ቤት ውስጥ ዕቃ አጣቢ ነኝ፤ ከዚያ ወጥቼ ሱቅ እሄዳለሁ፣ ማሸጊያ አነብላቸዋለሁ። እሳቸው ዓይናቸውን ሞራ ስለሸፈነው ትንሽ ጽሑፍ አያዩም። እኔም አየዋለሁ እንጂ ብዙውን ቃል አላውቀውም፤ ፊደሉን አንድ በአንድ እየቆጠርኩ ነው የማነብላቸው። የመረቅ ቅመሙ ውስጥ ስንዴ ተገኘ፤ ተጣለ። አኩሪ አተር ሶሱ ውስጥ ስንዴ ተገኘ፤ እሱም ተጣለ። «እስከ ዛሬ ይሄን ሁሉ ስንዴ ማን ነው የሚጨምርብን?» አሉ፣ እሳቸው ራሳቸው።

ዳቦውን ራሳቸው ካልጋገሩት ደግሞ አይሆንም። የሱቁ ዳቦ ስፖንጅ ስፖንጅ ይላል ብለዋል። የመጀመሪያው በሩዝ ዱቄት ብቻ ነበር፤ ቢላ ሲነካው እንደ አሸዋ ፈረሰ። ሁለተኛውን ላማር ወስዶ የጋራዡ በር እንዳይዘጋ ከሥሩ አስደገፈው፤ ዝናብ መትቶትም ቅርጹ አልተለወጠም። ሦስተኛው መሃሉ አልበሰለም። ከሁሉም ይልቅ እሳቸውን ያናደዳቸው ግን ሊጡ ነው። ስንዴ የሌለው ሊጥ አይታሽም፣ አይጎተትም፤ እየተገለበጠ ቆርቆሮው ውስጥ ይፈሳል። እጃቸውን ከተው አወጡትና የተንጠባጠበውን እያዩ «ይሄ ገንፎ ነው። እኔ ገንፎ አልጠመዝዝም» አሉ። ግን በማግስቱ እንደገና ጀመሩ።

አራተኛውን አላስታውሰውም። አምስተኛው የማሽላ ዱቄት፣ የድንች ዱቄትና አንድ በማንኪያ የሚለካ ነጭ ዱቄት የገባበት ነው፤ ነጩ ሊጡን የሚያያይዘው ነው። ሲቀዘቅዝ ቆረጡት። በአውራ ጣታቸው ጫን አድርገው ለቀቁት፤ ተመልሶ ተነሣ። ምንም ሳይሉ ጫፉን ቆርጠው ቅቤ ቀብተው ሰጡኝ። በሃያ ስድስት ዓመት ከእሳቸው ያገኘሁት ትልቁ ምስጋና እሱ ነው።

ከዚያ ጽዳቱ መጣ። ኦቨኑን ሁለት ጊዜ ፈገፈግነው። መክተፊያው፣ ቢላው፣ ወንፊቱ፣ የመጋገሪያ ቆርቆሮው አዲስ ተገዛ። የእንጨት ማንኪያዎቹ ስንጥቃቸው ውስጥ ዱቄት ይደበቃል ብለው ሁሉንም ምድጃ ውስጥ አቃጠሏቸው፤ አንዱ የሠርጋቸው ስጦታ ነበር። የላማር የዳቦ መጥበሻ ወደ ጋራዥ ተሰደደ። ሦስት ሳምንት ቁርሱን እዚያ ቆሞ በላ። እንዴት ነህ ስለው ከመኪናዋ ጋር ተስማምተናል፣ እሷ አትናገርም ይለኛል።

ተርኪው ራሱ ሳይሞላ ሊጋገር ነው ተባለ። ሆዱ ውስጥ ሽንኩርትና ሴለሪ ብቻ ይገባል፤ ሙሌቱ ለብቻው በሣህን። እሳቸው ቤት እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ሆዱን እየዳበሱ «እንደ ባዶ ቤት ነው» አሉ፤ ግን አልሞሉትም። መረቁን እንኳ የሚያወፍሩት በድንች ዱቄት እንዲሆን ተወሰነ።

በበዓሉ ሳምንት ሰኞ እኔ ሥራ ነበርኩ። ስመለስ ዳቦው ሁሉ ተቆርጧል፣ አድርቄዋለሁ፣ አትነካኪብኝ አሉኝ። አልነካካሁም። ደክሞኝ ነበር፤ አንድ ሥራ ቀነሰልኝ ብዬ ነው ያለፍኩት።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ዳርሊን መጣች። እጇን አየሁት። አንድ ጠርሙስ ወይን ብቻ ነው የያዘችው። ኮቷን ስቀበላት ዝቅ ባለ ድምፅ «ሣጥንሽስ?» አልኳት።

«ቤት ትቼዋለሁ፣ ፈርን። መኪና ውስጥ ካለ ወደሱ ነው የምሮጠው።»

ወጥ ቤት ገባችና እናቷን ጠየቀቻቸው። እንዳይከፉባት በልመና መልክ ነው የጠየቀችው፤ ግን አንድም አላስቀረችም። መረቁ ከምን ነው? ከተርኪው አንገት። ማንኪያው? አዲስ። ቅቤውስ፣ ቢላ ያልገባበት ነው? ዛሬ የተከፈተ። ኦቨኑ? ሁለቴ። አማቴ ቀጥ ብለው ቆመው ትምህርቱን እንዳጠና ተማሪ አንድ በአንድ መለሱ። ዳርሊን እየሰማች ትከሻዋ ዝቅ ሲል አየሁት። ሙሌቱ ኦቨን ውስጥ ነበር፣ ቤቱ በሽንኩርትና በሳፍሮን ሽታ ተሞልቷል። «ርቦኛል» አለች። ይህንን ቃል በዚያ ቤት ውስጥ ከሷ ከሰማሁ ቆይቻለሁ።

አንድ ወንበር ጎደለን። እሷ የቀረች ዓመት ወደ ቆጥ የወጣው ወንበር ነው። ላመጣው ደረጃውን ወጣሁ። የትራስ ልብሱ ምስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ባዶ ነው። ዘንድሮ ስንዴ ስላልተጠራቀመ ባዶ መሆን ነበረበት፤ እንደ ልማድ ግን ሳልፍ ነቅነቅ አደረግሁት። ከታቹ ኮሽ አለ። አወረድኩትና ገለበጥኩት። ስፌቱ ጥግ ላይ ሁለት ዓይነት ፍርፋሪ ነበር። አንዱ አዲስ ነው፣ ወደ ነጭ የሚያደላ፤ የማሽላው ዳቦ። ሌላው ቡናማና ድንጋይ የሆነ፣ ያምናው፣ የካቻምናው፣ ምናልባትም የእሳቸው አማት ዘመን ፍርፋሪ ነው፤ ልብሱ ከእሳቸው ነው የተወረሰው።

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። እውነቱን ለመናገር ዝም ለማለት አስቤ ነበር። ጥቂት ፍርፋሪ ነው፣ ምናልባት ምንም አትሆን ይሆናል አልኩ። እኔ በዚያ ቤት ተስማምቼ የኖርኩት ዝም በማለት ነው፤ ሥራዬ ነው ማለት ይቻላል። ግን ያኔ ያሳመማትም አንድ ጭልፋ መረቅ ብቻ ነበር። ወንበሩን እዚያው ትቼ ወረድኩና አማቴን ወደ ዕቃ ቤቱ ጠራኋቸው። በሩን ገርበብ አደረግሁት።

«እማማ፣ ዳቦውን ምን ውስጥ ነው ያደረቁት?»

«ዳቦ ምን ውስጥ ይደርቃል? ልብሱ ውስጥ ነዋ።»

«ታጥቦ ነበር?»

ጅል እንደሆንኩ ዓይነት አዩኝ። «የዳቦ ልብስ ይታጠባል እንዴ? ይራገፋል እንጂ። በደንብ ነው ያራገፍኩት፣ ውጭ ድረስ…» ሲሉ ቃሉ አፋቸው ላይ ቀረ።

መዳፌን ከፍቼ ፍርፋሪውን አሳየኋቸው። አያዩትም፤ ስለዚህ በጣታቸው ዳበሱት። ሠላሳ አንድ ዓመት ዱቄት የነካ ጣት ነው። ምን እንደሆነ ወዲያው አወቁት።

የድንች ሣጥኑ ላይ ቁጭ አሉ። ከውጭ ላማር ሙሌቱን ከኦቨን ሲያወጣና ዳርሊን ስትስቅ ይሰማል። ከፈለጉ እኔ ልነግራት እንደምችል ነገርኳቸው። በኔ ቢያሳብቡም ግድ አልነበረኝም፤ ብዙ ጊዜ አሳብበዋል።

«አንቺ አይደለሽም ያደረቅሽው» አሉና ተነሡ።

ስንወጣ ላማር ለሁሉም አውጥቶ ጨርሷል፤ መጠበቅ አይችልም። ዳርሊን ፊት ቢጫ ሙሌት በሣህን ተቆልሏል፣ ሹካዋን አንስታለች። አማቴ በጠረጴዛው ዙሪያ ሄደው ሣህኗን ከፊቷ አነሡባት።

«ይሄን እንዳትነኪው።»

የዳርሊን ፊት ተለወጠ። «ደግሞ ምን አደረግሁ?»

«አንቺ ምንም አላደረግሽም። እኔ ነኝ። ዳቦውን በዳቦ ልብሱ ነው ያደረቅሁት፤ በድሮው። ስንዴ አለበት። አላሰብኩትም።»

አላሰብኩትም የሚለውን ቃል ከእሳቸው አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ላማር አፉ ሙሉ ነው፤ ሳይውጠው ቆየና በመጨረሻ ዋጠው።

«ታዲያ እኔ መብላት እችላለሁ?» አለ።

«አንተ ብላ» አለችው ዳርሊን። «አንተ ሚስማርም ብትበላ ምን ትሆናለህ።»

ተነሣች። ኮቷ የተሰቀለው በሩ አጠገብ ነው፤ ወደዚያ ነው የምትሄደው ብዬ ዓይኔን መለስኩ። እሷ ግን ወደ ወጥ ቤት ሄዳ እጇን ታጠበች። እናቷ ሣህኑን እንደያዙ ቆመዋል።

«ከዳቦው የተረፈ አለ?» አለች ዳርሊን።

አንድ ነበር። ረቡዕ ዕለት፣ ወደ ቤቷ ይዛው እንድትሄድ ብለው ጋግረው በአዲስ ጨርቅ የጠቀለሉት ሙሉ ዳቦ። ልብሱ ውስጥ አልገባም። አማቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እርጥብ ነው። በእርጥብ ዳቦ ሙሌት አይሠራም፤ ይቦካል።»

«ኦቨን አለሽ አይደል እማዬ? እናድርቀው።»

«ተርኪው ይበርዳል።»

«ይብረድ።»

ተርኪው ተሸፍኖ ተቀመጠ። እኔ ከሙሌቱ ጋር የተነካካውን ዕቃ ሁሉ ሰብስቤ አጠብኩ፤ አዲሱ ማንኪያም ስለተነካካ ሌላ ከካርቶኑ ወጣ። ዳርሊን በአዲስ ቢላ ዳቦውን ቆረጠች። ትልልቅ አድርገሽ ነው የቆረጥሽው ይሏታል አማቴ፤ የሚበላው የኔ አፍ ነው ትላቸዋለች። ቆርቆሮው ላይ በትነው ኦቨን ከተቱት፣ በየጊዜው ከፍተው አገላበጡት። የሳፍሮኑ ብልቃጥ ተራግፎ አንድ ቁንጥጫ አልሞላም። ዳርሊን አጠገባቸው ቆማ ሽንኩርት እየጠበሰች የምታስታውሰውን ትነግራቸዋለች፤ ልጅ ሆና እናቷ ከሥራ ሲገቡ ዱቄቱን ከቅንድባቸው ላይ በምራቋ ስትጠርግ እንደነበር። አማቴ ይሄንን እኔ አላስታውስም አሉ። የሚያስታውሱ ይመስለኛል።

ሁለት ሰዓት ፈጀ። ላማር በዚህ መሃል ከትልቁ ሣህን ሦስት ጊዜ ጨመረ፣ ከዚያ ሶፋው ላይ ተኛ፤ ለምሳ ስንቀሰቅሰው ገና አልበላንም እንዴ አለ።

የዳርሊን ሙሌት ፈዛዛ ነበር፣ ቢጫ ለማለት ይከብዳል። ተርኪው በርዷል፣ የተፈጨው ድንች ላይ ቆዳ ወጥቶበታል። ዳርሊን አንድ ማንኪያ አወጣች። አማቴ የራሳቸውን ሣህን ሳይነኩ አፏን ያያሉ።

«እማዬ፣ እያየሽኝ አልበላም።»

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ከመስኮቱ የጎረቤቱ አጥር በስተቀር ምንም አይታይም። እሱን አዩት። ዳርሊን በላች።

«ጨው አንሶታል» አለች።

«አዎ።»

«ትንሽ ረጥቧል።»

«ነግሬሽ ነበር» አሉ፣ አሁንም ወደ አጥሩ።

ዳርሊን ሣህኑን ወደ ራሷ ስባ ጨመረች። ከዚያ እንደገና። የቀረውን በአዲስ ክዳን ሸፍናው ወደ ቤቷ ወሰደችው። ስትወጣ እናቷን ሳመቻቸው። ከዚያ በኋላ መጠበቅ ብቻ ነበር። ያኔ በሽታው የጀመራት በዚያው ማታ ስለነበረ አማቴ ስልኩን ከኮሪደሩ አምጥተው ወንበራቸው ክንድ ላይ አደረጉት። ልደውልላት ስላቸው አትደውይ አሉኝ፤ ከታመመች ተኝታ ይሆናል፣ ካልታመመች ደግሞ ሲጠብቋት አትወድም።

ዓርብ ጠዋት ስነሣ እዚያው ወንበር ላይ አገኘኋቸው። ልብሳቸውን አልቀየሩም። ሁለት ሣህን እንዳጠብኩ ስልኩ ጮኸ። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ለሁሉም አልከፈቱትም፤ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ያዙት። ስለዚህ ዳርሊን ያለችውን አላውቅም። እሳቸው «እ» ይላሉ፣ «እ»። ከዚያ በመዳፋቸው ስልኩን ሸፍነው «ፈርን፣ ያቺን የዳቦውን ወረቀት አምጪ» አሉኝ።

የዳቦውን አሠራር በእርሳስ የጻፍኩባት ወረቀት ናት። እያነበብኩ፣ እሳቸው በስልኩ እየጮኹ ደገሙላት፤ የማሽላው ዱቄት ይህን ያህል፣ የድንቹ ይህን ያህል፣ እንቁላሉ ሦስት፣ ነጩ ዱቄት ያልተቆለለ አንድ ማንኪያ። ውኃው ላይ ስደርስ ወረቀቱን ተዪው ብለው እጃቸውን አወናጨፉ።

«ውኃውን በዓይንሽ ነው የምታዪው» አሏት። «ገንፎ ሲመስልሽ ትክክል ነው።»

ስልኩን ዘጉ። «ደህና አድራለች» አሉኝ። ከዚያ ልተኛ ነው ብለው ገቡ፤ እኔም ወደ ሣህኖቹ ተመለስኩ።